ቶዮታ ቢዚ 4 ኤክስ ወይስ ቮልስዋገን አይዲ 4፦ ለአዲስ አበባና ለደብረ ብርሃን መንገድ የቱን ልግዛ?

አያት 49 (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ለአሥራ አንድ ዓመት የነዳኋትን የ2004 ሞዴል ኮሮላ ሸጬ የኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት ወስኛለሁ። በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ጥር 2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ይህ ውሳኔ የእኔ ብቻ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ፤ የቀረኝ ጥያቄ የትኛውን የሚለው ነው። ሁለት ወር ስዞር ከቆየሁ በኋላ ሁለት መኪኖች ላይ ደርሻለሁ። አንደኛው «ዜሮ ኪሎ ሜትር» እየተባለ የሚሸጥ የ2023 ሞዴል ቶዮታ ቢዚ 4 ኤክስ ሲሆን፣ ሁለተኛው አንድ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ዓመት ከመንፈቅ የነዳው፣ 21,000 ኪሎ ሜትር የሄደ ቮልስዋገን አይዲ 4 ክሮዝ ነው። የተጠየቀባቸው ዋጋ በጣም ተቀራራቢ ስለሆነ በዋጋ ብቻ ልለያቸው አልቻልኩም።

ሁኔታዬን ልግለጽ። የምኖረው አያት አካባቢ የራሱ ግቢና ቆጣሪ ባለው ቤት ውስጥ ነው፤ መሥሪያ ቤቴ ሜክሲኮ አካባቢ ስለሆነ በቀን ደርሶ መልስ 36 ኪሎ ሜትር ገደማ እነዳለሁ። ከባለቤቴና ከሦስት ልጆቼ ጋር በወር አንድ ጊዜ፣ አንዳንዴም ሁለት ጊዜ፣ ወላጆቼን ለመጠየቅ ደብረ ብርሃን እሄዳለሁ፤ ከቤቴ እስከ እነሱ ደጃፍ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እናቴ ገብስና ድንች ሳታስጭን ስለማትሸኘን በመልሱ መኪናዋ ባዶ ሆና አታውቅም። ወላጆቼ ቤት መኪና የሚሞላ መስመር ስለሌለ፣ አያት ላይ የሞላሁት ባትሪ አድርሶ እንዲመልሰኝ እፈልጋለሁ።

የቢዚው ሻጭ አንዴ ሲሞላ 600 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ይላል፤ የአይዲው ባለቤት ደግሞ እንደ አነዳዱ ከ400 ይበልጣል ብሎ ዝም አለ። አባቴ «ቶዮታ እያለ ምን ያወያያል?» ባይ ናቸው፤ ቮልስ ሲባሉ አሁንም የምትታያቸው ሞተሯ ከኋላ የሆነው የድሮዋ ጥንዚዛ መሳይ መኪና ናት። በሁለቱ ላይ ልምድ ወይም እውቀት ያላችሁ፣ በተለይ ስለ ባትሪው፣ ስለ ቤት ቻርጅና ወደፊት ስለ መሸጫ ዋጋው ብትመክሩኝ አመሰግናለሁ።

ሸኖ በማለዳ

እንኳን ደህና መጡ። አስቀድሜ ማሳወቅ ያለብኝ ነገር ቢኖር እኔ የምነዳው አይዲ 4 መሆኑን ነው፤ ስለዚህ ምክሬን በዚያው ልክ ቀንሰው ይውሰዱት። ይሁንና መንገድዎ የእኔም መንገድ ስለሆነ፣ በለገጣፎ፣ በሰንዳፋና በሸኖ በኩል እስከ ጫጫ ድረስ በሳምንት አንድ ቀን ስለምመላለስ፣ በሒሳብ ላስረዳዎ።

ሻጩ የነገረዎት 600 ምናልባት ከቻይናው ሲኤልቲሲ መለኪያ የተወሰደ ቁጥር ነው፤ ቻይና ውስጥ ትልቁን ባትሪ የያዘው ቢዚ 4 ኤክስ 615 ኪሎ ሜትር ተብሎ ተመዝግቧል። ይህ መለኪያ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ለከተማ ዝግ ያለ አነዳድ የተቀመረ ፈተና ነው። ልዩነቱን ለመረዳት ይህን ብቻ ማየት ይበቃል፦ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው የዚሁ መኪና የፊት ጎማ ተነጂ ዓይነት 71.4 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ይዞ የተመዘገበለት ርቀት 252 ማይል፣ ማለትም 405 ኪሎ ሜትር ነው፤ የቻይናው ግን 66.7 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ይዞ 615 ተባለ። ያነሰ ባትሪ የበለጠ ርቀት ሄደ ማለት እኮ ነው! መኪናው አልተለወጠም፤ የተለወጠው መለኪያው ነው። ስለዚህ የኪሎ ሜትሩን ወሬ ይተዉትና ስለ ባትሪው መጠን ብቻ ይጠይቁ።

ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ይመጣል። በቻይና የሚሠራው ቢዚ 4 ኤክስ በሁለት የባትሪ መጠን ይወጣል፤ አንደኛው 66.7 ኪሎዋት ሰዓት ሲሆን ሁለተኛው 50.3 ብቻ ነው፤ የትንሹ በዚያው በለጋሱ የቻይና መለኪያ እንኳ 400 ኪሎ ሜትር ነው። አይዲ 4ም እንዲሁ ሁለት ነው፤ አንዱ 57 አካባቢ፣ ሌላው ከ80 በላይ። ከውጭ ሲታዩ ትንሹና ትልቁ መንታ ናቸው፤ መስተዋት ጣሪያና የቆዳ ወንበር ያለው መኪና ትንሹን ባትሪ ይዞ ሊገኝ ይችላል። እርስዎ ደግሞ በጥያቄዎ ውስጥ የሁለቱንም መኪኖች የባትሪ መጠን አልጻፉም።

አሁን የደብረ ብርሃንን መንገድ እናስላው። አዲስ አበባ ወደ 2,350 ሜትር፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,840 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ ከአያት ሲነሱ 450 ሜትር ያህል ይወጣሉ ብለን እንያዝ። አምስት ሰው የያዘ 2,400 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ይህን ከፍታ ለመውጣት ብቻ 3 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ኃይል ይፈልጋል። በሜዳ ላይ በ100 ኪሎ ሜትር 17 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል ብንል ለ120 ኪሎ ሜትሩ 20 ይሆናል፤ ዳገቱ ሲታከልበት ወደ 24 ይጠጋል። በመልሱ ቁልቁለቱ ከፊሉን ስለሚመልስልዎት 19 ያህል ይበቃዎታል። ደርሶ መልሱ በጥቅሉ 43 ገደማ ነው ማለት ነው። በ50.3ቱ ባትሪ ከሄዱ ለገጣፎ ሲደርሱ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት እያዩ፣ ማሞቂያውን አጥፍተው፣ ልጆችዎን ጋቢ አልብሰው ይገባሉ። በ66.7ቱ ያለ ሐሳብ ይመለሳሉ። በትልቁ አይዲ ደግሞ፣ ለአገልግሎት የሚውለው 77 አካባቢ ስለሆነ፣ ከ30 በላይ ይተርፍዎታል።

ሁለት የሚያስደስቱ ነገሮችን ልጨምር። የኤሌክትሪክ ሞተር እንደ ኮሮላዎ አየር ስለማይምግ በከፍታው ምክንያት ጉልበት አይቀንስም፤ በዚያ ላይ በ2,500 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል አንጻር በአምስት አንድ እጅ ገደማ ስለሚሳሳ መኪናውን ወደ ኋላ የሚገፋው ነፋስም ያንሳል። ሆኖም ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የደብረ ብርሃን ሌሊት ምን እንደሚመስል ለእርስዎ አልነግርዎትም፤ ውጭ ያደረ ባትሪ ጠዋት ላይ ጥቂት ይለግማል፣ ማሞቂያውም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ካሰሉት ላይ ሁልጊዜ አሥር በመቶ ይጨምሩ።

ሽቦና ቆጣሪ

ሰላም ለሁላችሁ። የመኪናውን ምርጫ ለሚያውቁት ትቼ፣ ሙያዬ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ስለሆነ ስለ ቤት ቻርጅ ብቻ እናገራለሁ።

በቀን 36 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በቀን የሚያስፈልገው ከ6 እስከ 7 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ከመኪናው ጋር የሚመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር በ10 አምፔር ሲሠራ 2.2 ኪሎዋት ስለሚሰጥ ይህን በሦስት ሰዓት ውስጥ ይሞላል። ስለዚህ ለዕለት ተዕለት ኑሮ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ባለ 7 ኪሎዋት ቻርጀር ግዴታ አይደለም። የሚያስፈልግዎት ለደብረ ብርሃኑ ጉዞ ዋዜማ ነው፤ ትልቅ ባትሪ ከ20 በመቶ ተነሥቶ በ2.2 ኪሎዋት እስኪሞላ 30 ሰዓት ሲፈጅ፣ በ7 ኪሎዋት ግን አንድ ሌሊት ይበቃዋል። በሌላ በኩል ረቡዕ ማታ ሰክተው እስከ ቅዳሜ ንጋት ሌሊት ሌሊቱን ከሞሉት ያው ይደርሳል፤ የሚጠይቀው ማቀድ ብቻ ነው። መብራት የሚጠፋበትን ሌሊትም በሒሳቡ ውስጥ ያስገቡ።

7 ኪሎዋት ማለት 32 አምፔር ሳያቋርጥ ለሰዓታት የሚስብ ጭነት ነው። ምጣድ ከዚያ ያነሰ ይስባል፣ ያውም ለአጭር ጊዜ። ስለዚህ ከቆጣሪው ተነሥቶ በቀጥታ ወደ መኪናው ማቆሚያ የሚሄድ፣ ከሌላ ነገር ጋር የማይጋራ፣ ቢያንስ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ገመድ፣ የራሱ ብሬከርና የኃይል መፍሰስ ሲኖር የሚያቋርጥ መከላከያ ያስፈልገዋል። ቆጣሪውም ይህን ጭነት መሸከሙ አስቀድሞ መጣራት አለበት። ከሁሉ በላይ ግን ኧርዙ ነው። ብዙ ቤት ውስጥ የሶኬቱ ሦስተኛ ቀዳዳ ለጌጥ ነው፤ ወደ መሬት የተቀበረ ዘንግ የለም። ቻርጀሩ ይህን ስለሚያውቅ ቀይ መብራት አብርቶ አልሞላም ይላል፤ ሰዎችም ቻርጀሩ ተበላሸ ብለው ይጠሩኛል። ዘንግ ቀብሬ ስመለስ ይሠራል።

በዲቫይደር አይሙሉ። አንድ ደንበኛዬ በመስኮት በተጎተተ ዲቫይደር አራት ወር ሲሞላ ከቆየ በኋላ ጠርቶኝ ሄጄ ነበር፤ ስፒናው ከሶኬቱ ጋር ቀልጦ አንድ አካል ሆኖ ስለነበር ግድግዳውን ሳልፈልጥ ላላቅቀው አልቻልኩም። ገመዱን ስጨብጠው ከጠፋ ግማሽ ሰዓት ቢሆነውም ገና ይሞቅ ነበር። ቤቱ ያልተቃጠለው በዕድል ነው።

የመብራት ሒሳቡን በተመለከተ፣ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ ለአራት ዓመት በየሩብ ዓመቱ እንዲያድግ ተደርጓል፤ የቤት ፍጆታ በጨመረ ቁጥርም ወደ ውዱ እርከን ይሻገራል። መኪናው በወር 200 ኪሎዋት ሰዓት ያህል እንደሚጨምርብዎት ይያዙት። ያም ሆኖ ለኮሮላዎ ቤንዚን ከሚከፍሉት ጋር አይወዳደርም።

የቡልቡላ እናት

እኔ ደግሞ ቢዚ 4 ኤክስ እነዳለሁ፤ የወንድሜ ባለቤት አይዲ 4 ስላላት ሁለቱንም በደንብ አውቃቸዋለሁ። «ሸኖ በማለዳ» ስለ ባትሪው የጻፉት ትክክል ነው፤ ነገር ግን ሰው መኪናውን ባትሪ ባትሪ እያለ አይኖርበትም፤ ውስጡ ተቀምጦ ነው የሚኖርበት። ሦስት ልጆች ስላሉዎት ከዚያ ልጀምር።

ቢዚው በፊትና በኋላ ጎማዎቹ መካከል ያለው ርቀት 2.85 ሜትር ነው፤ ከአይዲው በ8 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። ይህ የሚታየው ከኋላ ወንበር ላይ ነው፤ የአሥራ አምስት ዓመት ልጄ እግሩን ዘርግቶ ይቀመጣል። የዕቃ ቦታው ግን ተቃራኒ ነው፤ የአይዲው 543 ሊትር ሲሆን የቢዚው 452 ነው፤ የእናትዎ ድንችና ገብስ ያለ ጥርጥር አይዲውን ይመርጣል። ቢዚው ላይ ከፊት ተሳፋሪው ጉልበት በላይ መክደኛ ያለው የዕቃ ማስቀመጫ የለም፤ ሊብሬና የመድን ወረቀት የት አደርጋለሁ ብዬ የመጀመሪያውን ሳምንት አሳልፌያለሁ። የኋላ መስታወቱም ዝናብ መጥረጊያ የለውም፤ ክረምት ላይ ብዙ አይከፋም፣ ጥር ላይ ወደ ገጠር ሲወጡ ግን በአቧራ ምክንያት ከኋላ ምን እንዳለ የሚያሳየው ካሜራው ብቻ ይሆናል። ፍጥነት የሚያሳየው ሰሌዳ ከመሪው በላይ ራቅ ብሎ የተሠራ ስለሆነ ቁመትዎ አጠር ካለ መሪው ይከልለዋል፤ ወንበሩ ላይ ሳይቀመጡ አይግዙ።

አይዲው ደግሞ በጣት መንካት አብዝቷል። የድምፅና የሙቀት ማስተካከያው የሚንሸራተት ንክኪ ነው፤ በሾፌሩ በር ላይ ያሉት የመስኮት ቁልፎችም ሁለት ብቻ ስለሆኑ የኋላውን መስኮት ለመክፈት መጀመሪያ ሌላ ቦታ መንካት ያስፈልጋል። የትራፊክ ፖሊስ አስቁሞ ሲያናግርዎት የተሳሳተ መስኮት መክፈት የተለመደ ነው። በሌላ በኩል መዞሪያው 10.2 ሜትር ብቻ ስለሆነ በጠባብ የኮብልስቶን መንገድ ላይ በአንድ ጊዜ ይታጠፋል፤ እኔ ሁለቴ ወደ ኋላ የምመለስበትን መታጠፊያ የወንድሜ ባለቤት በአንዴ ትወጣለች። የሚነዳው በኋላ ጎማ ስለሆነ በረጠበ ዳገት ላይ የእኔ የፊት ጎማ ትንሽ ሲንሸራተት የእርሷ አይንሸራተትም፤ ዳገት ላይ ክብደት ወደ ኋላ ስለሚሄድ ነው። ለአባትዎ የድሮዋ ቮልስም እንዲሁ ከኋላ ትገፋ እንደነበር ቢያስታውሷቸው ልባቸው ሊራራ ይችላል።

መሸጫን በተመለከተ ግን የማደላው ለቢዚው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ገዥ መኪና ሲያይ መጀመሪያ የሚያየው ምልክቱን ነው፤ የቶዮታ ስም ደላላውንም ያፈጥነዋል። አዳዲስ ሞዴሎች በየጊዜው በገቡ ቁጥር የሁለቱም ዋጋ መውረዱ ባይቀርም፣ በቶሎ የሚሸጠው ቢዚው ነው የሚል እምነት አለኝ። ስለ ቢዚው ጎማ ብሎን ወሬ ሰምተው ከሆነ፣ በ2022 አጋማሽ ቶዮታ በዓለም ዙሪያ ወደ 2,700 የሚጠጉ መኪኖችን የጠራበት ጉዳይ ነበር፤ ችግሩ ተፈትቶ ሽያጩ በዚያው ዓመት መጸው ቀጥሏል።

አያት 49 (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የ«ሸኖ በማለዳ»ን መልስ ካነበብኩ በኋላ ትናንት ወደ ሁለቱም ሻጮች ተመልሼ ሄድኩ።

የቢዚውን ሻጭ የባትሪው መጠን ስንት ነው ብዬ ስጠይቀው «ፉል ነው» አለኝ። ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደሆነ ደግሜ ስጠይቀው ጣሪያውን ከፍቶ አሳየኝ። በመጨረሻ የሾፌሩን በር ከፍቼ ምሰሶው ሥር የተለጠፈውን የብረት ሰሌዳ በስልኬ አነሣሁና ጽሑፉን በስልክ አስተረጎምኩት፤ የባትሪው ቮልቴጅና የአምፔር ሰዓት መጠን ተጽፎበታል። ሁለቱን አባዝቼ ለአንድ ሺህ ሳካፍለው ከ50 ትንሽ ከፍ ያለ ቁጥር መጣ። ትንሹ ባትሪ ነው ማለት ነው። ሻጩ ይህን ስነግረው አልተገረመም፤ «ለከተማ ከበቂ በላይ ነው» ብሎ ሊያግባባኝ ሞከረ። ለከተማ መብቃቱ እውነት ነው፤ 600 ኪሎ ሜትር ያለኝ ግን እርሱ ራሱ ነበር።

የአይዲው ባለቤት ይህንኑ ሰሌዳ ራሱ አሳየኝ፤ ትልቁ ባትሪ መሆኑን አረጋግጫለሁ። አሁን ጥያቄዬ ወደ ሌላ ዞሯል። አንድም ትልቁን ባትሪ የያዘ ቢዚ እስካገኝ መጠበቅ፣ አለዚያም ይህን ያገለገለ አይዲ መግዛት ነው። ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ስገዛ ምን ልመርምር?

ትራንዚተሩ

ሥራዬ የመኪና ሰነድ ማስጨረስ ስለሆነ ከሰነዱ ልነሣ። የተሠራበት ዓመት በሻጩ ቃል አይወሰድም። የሻንሲ ቁጥሩን ይመልከቱ፤ ቻይና የተሠራ መኪና ቁጥሩ በኤል ይጀምራል፤ አሥረኛው ፊደል ኤን ከሆነ የ2022፣ ፒ ከሆነ የ2023፣ አር ከሆነ የ2024 ሞዴል ነው። ከዚያ አራቱንም ጎማዎች ይዩ፤ በጎኑ ላይ ካለው ረጅም ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይነግራሉ፤ ለምሳሌ 3822 ማለት የ2022 38ኛ ሳምንት ነው። ሦስቱ አንድ ዓይነት ሆነው አራተኛው ከተለየ ምክንያቱን ይጠይቁ። የሻንሲ ቁጥሩ በሊብሬው፣ በጉምሩክ ዲክላራሲዮኑና በመኪናው ላይ አንድ መሆኑን አንድ በአንድ ያስተያዩ።

«ዜሮ ኪሎ ሜትር» የሚለው ቃል መኪናው አልተነዳም ማለት እንጂ አዲስ ነው ማለት አይደለም። አንዳንዱ ቻይና ውስጥ ከተሠራ በኋላ ወደብ ላይ፣ በመርከብ፣ ቀጥሎም ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ወራት ቆሞ ይመጣል። በዚህ ጊዜ ሁሉ በመጀመሪያ የሚሞተው ትልቁ ባትሪ ሳይሆን በርና ኮምፒውተሩን የሚያሠራው ተራው ባለ 12 ቮልት ባትሪ ነው። ስሙን የማልጠቅሰው ሌላ ዓይነት መኪና ለዘመድ ተረክቤ ስወጣ በሦስተኛው ቀን በሩ አልከፈት ብሎ ግማሽ ቀን ደጅ አስቁሞናል፤ መንሥኤው ይህ ትንሽ ባትሪ ነበር።

ዋስትናን በተመለከተ፣ በግል አስመጪ የገባ መኪና ላይ አምራቹ ቻይና ውስጥ የሚሰጠው ዋስትና እዚህ ይሠራል ብለው አይገምቱ። ዋስትና አለው የሚል ሻጭ ካለ፣ ማን እንደሚጠግን፣ የትኛውን ክፍል እንደሚሸፍንና እስከ መቼ እንደሚቆይ በጽሑፍ ማኅተም ተደርጎበት ይስጥዎት። የሚገርመው ቢዚውም አይዲ 4 ክሮዙም ቻይና ውስጥ የሚሠሩት ፋው ከሚባለው አንድ የመንግሥት ኩባንያ ጋር በተመሠረቱ ሽርካዎች ነው፤ ቢዚውን ከጓንጁው ጋክ ጋር የተመሠረተ ሌላ ሽርካም ይሠራዋል። ስለዚህ «ጀርመን ነው፣ ጃፓን ነው» የሚለው ክርክር መለዋወጫ ፍለጋ ላይ ብዙ አይረዳዎትም፤ መብራትና መስታወት ቢሰበር ሁለቱም ከቻይና ነው የሚመጡት። ሶማሌ ተራ ገብቼ አገኛለሁ የሚሉት የኮሮላ ዘመን ልማድ ለጊዜው አይሠራም፤ ስለዚህ ሙሉ መድን ይግቡ።

ያገለገለውን አይዲ ሲመረምሩ የባትሪውን ጤንነት በኦቢዲ (ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር በሚገናኝ) መሣሪያ የሚያነብ ጋራዥ ያሳዩ፤ የሴሎቹ ቮልቴጅ እርስ በርሱ የተቀራረበ መሆን አለበት። ከሥር አስነሥተው የባትሪውን ሽፋን ይመልከቱ፤ በፍጥነት መቀነሻ ጉብታ የተመታ ከሆነ ጭረቱ ይታያል። የኋላ ፍሬኑ የታምቡር ዓይነት መሆኑ አያስደንግጥዎት፤ በሞተሩ መልሶ ኃይል የሚሰበስብ መኪና ፍሬኑን ብዙ ስለማይጠቀም ሸራው ረጅም ጊዜ ይቆያል። የቻርጅ መሰኪያውንም ይዩ፤ የቻይናው ጂቢ/ቲ ከሆነ ከቻይና የገቡት ሁሉ የሚጠቀሙበት ስለሆነ ይስማማዎታል፤ ከአውሮፓ የመጣ ቢሆን ኖሮ ሲሲኤስ 2 ስለሚሆን መሸጋገሪያ መፈለግ ግድ ነበር። በመጨረሻም የማያ ሰሌዳው ቋንቋ ወደ እንግሊዝኛ የተቀየረ መሆኑንና ሲጠፋና ሲበራ ወደ ቻይንኛ የማይመለስ መሆኑን እዚያው ይሞክሩ።

ሸኖ በማለዳ

«ትራንዚተሩ» ያሉትን ሁሉ እደግፋለሁ፤ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው። የሁለቱም መኪኖች ባትሪ በኒኬል ላይ የተመሠረተው ዓይነት ስለሆነ በየቀኑ እስከ 80 በመቶ ብቻ እየሞሉ፣ 100 የሚሞሉት ለደብረ ብርሃን ዋዜማ ቢሆን ዕድሜው ይረዝማል። ያለፈው ባለቤት በየቀኑ 100 ይሞላ እንደነበርና አብዛኛውን ጊዜ ቤት ወይስ ፈጣን ጣቢያ ላይ ይሞላ እንደነበር ይጠይቁት። ሰውየው ቁጥሩን ሳያጋንን የነገረዎት ሰው ስለሆነ ይህንንም አይዋሽዎትም የሚል ግምት አለኝ። ባለቤቱ ከፈቀደ ደግሞ መንገዱን ራሱ ይሞክሩት።

አያት 49 (ጠያቂ)

የተባለውን ሁሉ ፈጽሜያለሁ። አሥረኛው ፊደል ፒ ነው፤ አራቱም ጎማዎች የአንድ ወር ውጤት ናቸው፤ ከሥር ከአንድ ቀጭን ጭረት በቀር የባትሪው ሽፋን ጤነኛ ነው። ጋራዡ የሴሎቹን ንባብ አትሞ ሰጥቶኛል።

ባለቤቱ አብሮን ለመሄድ ስለፈቀደ ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ 100 በመቶ ሞልተን ከአያት ተነሣን። እስከ 90 ባለው ፍጥነት፣ ከሸኖ በኋላ ማሞቂያውን ከፍተን፣ ደብረ ብርሃን ስንደርስ 67 በመቶ ቀርቶ ነበር። በመልሱ አንድ ኩንታል ገብስና ሁለት ከረጢት ድንች ጭነን አያት የገባነው በ41 በመቶ ነው። አባቴ መኪናዋን ዞረው ካዩ በኋላ ኮፈኖውን አስከፍተው፣ ሞተሩ የት አለ ብለው ጠየቁ፤ ከኋላ ነው ስላቸው «እንዲያማ ከሆነ ቮልስ ናት» ብለው ገቡ። ትልቁን ባትሪ የያዘ ቢዚ ለመጠበቅ የነበረኝ ሐሳብ በዚያው ቀረ።

ማክሰኞ የስም ዝውውሩን እንጨርሳለን። «ሽቦና ቆጣሪ»፣ የግቢዬ ሶኬት ሦስተኛ ቀዳዳ እንዳሉት ለጌጥ ሆኖ ስለተገኘ የኧርዝ ዘንጉን ነገ ለማስቀበር አስቤያለሁ፤ ከቆጣሪው እስከ መኪናው ማቆሚያ 22 ሜትር ስለሆነ ገመዱ ባለ 6 ይበቃል ወይስ ወደ ባለ 10 ልለፍ?

ሽቦና ቆጣሪ

ለ22 ሜትር ባለ 6ቱ ይሠራል፤ ነገር ግን ማታ ማታ በሰፈራችሁ ቮልቴጁ የሚወርድ ከሆነና የዋጋው ልዩነት ካልከበደዎት ባለ 10ሩን ያስገቡ። በቱቦ ውስጥ ይለፍ፣ መሐል ላይ ግንኙነት አይኑረው። ዘንጉን ደግሞ ቆሻሻ ውሃ ከሚወርድበት ራቅ አድርገው፣ አፈሩ እርጥበት በሚይዝበት ቦታ ያስቀብሩ፤ ከማስገጠምዎ በፊትም በመለኪያ ይፈተሽ።